በጥቂት ገንዘብ የተገዛ አሮጌ ግራፊክስ ካርድ የዛሬውን ጨዋታ ይሸከማልን?

በኮምፒዩተር ንግድ ለተሰማሩት ነጋዴዎቻችን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ ዐይነት ሸማች ተጨምሮላቸዋል። ይህ ሸማች ወደ ሱቅ የሚገባው ደብዳቤ ለመጻፊያ ወይም ሒሳብ ለመያዣ የሚሆን መሣሪያ ፈልጎ አይደለም። በኪሱ ያለው ገንዘብ አነስተኛ ሲሆን ጥያቄው ግን ትልቅ ነው፤ ይኸውም «ይህ ካርድ አዲሱን ጨዋታ ያጫውታል ወይ?» የሚል ነው። ሻጩ «አዎን» ብሎ ቢመልስ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ «የለም» ቢልም እንደዚሁ ሐሰት ሊሆን ይችላል። እውነተኛው መልስ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ዐውቆ የሚያስረዳ ነጋዴ ደንበኛ ያፈራል፤ ሳያውቅ የሚምል ነጋዴ ግን የሸጠው ዕቃ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ይመጣበታል።

ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ ብቻ ነው ተብሎ እንዳይናቅ፥ በዚህ ሥራ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሰዎች መኖራቸውን ማስታወስ ይገባል። አምስት ወይም ስድስት ኮምፒዩተር ደርድሮ በሰዓት የሚያከራይ የጨዋታ ቤት ባለቤት፥ አንዱን ካርድ በአዲስ ለመተካት ሲነሣ የሚጠየቀው ዋጋ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ ወር 2024 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ በውጭ አገር 139 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመርበት ከ7,900 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ13,900 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በእጅ ያለውን አሮጌ ዕቃ በብልኃት ማሠራት የሚጠቅመው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ግራፊክስ ካርድ ማለት በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ተሰክቶ በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ሥዕል የሚሠራ መሣሪያ ነው። ጨዋታ እንደ ሲኒማ የተዘጋጀ ፊልም አይደለም፤ ተጫዋቹ እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሥዕሉ ሁሉ እንደ አዲስ ይሳላል። በሴኮንድ 60 ሥዕል እንዲታይ ከተፈለገ ካርዱ አንዱን ሥዕል ከ17 ሺኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መጨረስ አለበት፤ 30 ሥዕል ከበቃ ግን 33 ሺኛ ሴኮንድ ያህል ይሰጠዋል። ባለ 1920 በ1080 በሚባለው የተለመደ መስኮት ላይ አንዱ ሥዕል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። በ1280 በ720 ሲሣል ግን የነጥቦቹ ቁጥር 921,600 ብቻ ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ግማሽ እንኳ አይሞላም። የአሮጌ ካርድ ዘዴ ሁሉ ከዚህ ሒሳብ ይመነጫል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ካርድ እንውሰድ። ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጥቅምት ወር 2016 በ139 ዶላር ለገበያ ያቀረበው ጂፎርስ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባለው ነው። 4 ጊጋባይት ሜሞሪና 768 የስሌት ክፍሎች አሉት። በዘመኑም ቢሆን ከታላላቆቹ ካርዶች የሚቆጠር አልነበረም። ነገር ግን ከታላላቆቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ ነበረው፤ የሚፈጀው ኃይል ከ75 ዋት አይበልጥም። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ሊሰጥ የሚችለው ኃይልም ይኸው 75 ዋት በመሆኑ፥ አብዛኞቹ የዚህ ካርድ ዐይነቶች ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ ልዩ ሽቦ አያስፈልጋቸውም። ስለ ሆነም ከመሥሪያ ቤት የወጣውን፥ ፓወር ሰፕላዩ ደካማ የሆነውን ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ ይህን ካርድ ቢሰኩበት የጨዋታ መሣሪያ ይሆናል። ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ቀጫጭኖቹ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባባቸውም። ለእነርሱ የሚሆነው ቁመቱ ያጠረው ዐይነት ነው። የሳጥኑን ስፋት ሳይለካ ካርድ የሚሸጥ ሰው የእግሩን ቁጥር ሳይጠይቅ ጫማ እንደሚሸጥ ይቆጠራል።

ይህ ካርድ ዕድሜው የረዘመበት ምክንያት በራሱ ብርታት ብቻ አልነበረም። በ2020 እና በ2021 ዓ.ም. በዓለም ላይ የግራፊክስ ካርድ ዕጥረት ደረሰ፤ ኢቴሪየም የተባለውን የኮምፒዩተር ገንዘብ የሚቆፍሩ ሰዎች ካርዱን ሁሉ ጠራርገው ይወስዱት ነበር። ለዚህ ቁፋሮ የሚያስፈልገው የመረጃ ክምችት ግን በየጊዜው ያድግ ስለ ነበረ በ2020 መጨረሻ ከ4 ጊጋባይት አለፈ፤ ባለ 4 ጊጋባይቱ ካርድም ለቆፋሪዎች የማይረባ ሆነ። ድክመቱ ጠበቀው ለማለት ይቻላል። ኤንቪዲያም በ2021 መጀመሪያ ይህን ከአራት ዓመት በላይ የቆየ ዕቃ እንደገና ወደ ገበያ መለሰው። ኢቴሪየም በመስከረም 15 ቀን 2022 አሠራሩን ለውጦ በካርድ መቆፈርን ካስቀረ በኋላ፥ ብዙ ያገለገሉ ካርዶች በርካሽ ዋጋ ወደ ገበያ ፈሰሱ። ከእነዚህ መካከል በሚያዝያ 2017 የወጣው የኤኤምዲ ኩባንያ ሬዲዮን አርኤክስ 570 ከ1050 ቲአይ የበለጠ ጉልበት አለው፤ ዳሩ ግን 150 ዋት ስለሚፈልግና ልዩ ሽቦ ስለሚያሻው ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር አይሆንም። ለካርዱ ሲባል ፓወር ሰፕላይ መግዛት ካስፈለገ ርካሽነቱ የት ላይ እንደ ቀረ ማስላት የገዢው ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ጨዋታው ሲከፈት «ሴቲንግ» በሚባለው ገጽ ላይ ብዙ ምርጫዎች ይደረደራሉ፤ ልምድ የሌለው ተጫዋች ሁሉንም ወደ ላይ ይሰቅላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ወደ ታች ያወርዳቸዋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም፤ ምክንያቱም የምርጫዎቹ ዋጋ እኩል አይደለም። የጥላ ጥራት፥ የጭጋግና የብርሃን ጨረር፥ በውሃ ላይ የሚታይ ነጸብራቅ፥ እነዚህ ሁሉ የካርዱን የስሌት ጉልበት ክፉኛ ይበላሉ፤ ቢቀነሱ ግን ተጫዋቹ በሩጫ መካከል ልብ አይላቸውም። የልብሱና የግድግዳው መልክ ጥራት፥ ማለት «ቴክስቸር» የሚባለው፥ ከዚህ ይለያል። ይህኛው በስሌት ጉልበት ላይ እምብዛም ሸክም አይጨምርም፤ የሚፈልገው ሜሞሪ ነው። ስለዚህ ሜሞሪው እስከ ቻለ ድረስ ቴክስቸርን ከፍ ማድረግ ያለ ብዙ ወጪ መልክን ያሳምራል።

ሜሞሪው ሲሞላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። 1050 ቲአይ ከራሱ ሜሞሪ በሴኮንድ 112 ጊጋባይት ያህል መረጃ ይቀዳል። ሜሞሪው ሞልቶ የተረፈው መረጃ ወደ ኮምፒዩተሩ ዋና ሜሞሪ ሲሸሽ፥ ካርዱ እርሱን ለማምጣት የሚሄድበት መንገድ በሴኮንድ 16 ጊጋባይት ገደማ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ሰባት እጥፍ የጠበበ በር ማለት ነው። ተጫዋቹ ይህን የሚያየው በመንቀጥቀጥ መልክ ነው፤ ሥዕሉ ለጥቂት ሴኮንድ በደኅና ይሄድና ድንገት ይቆማል፥ ደግሞ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ካርዱ ተበላሸ» ብሎ ወደ ጠጋኝ ይወስደዋል። መፍትሔው ግን ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ገንዘብ አያስከፍልም። ባለ 2 ጊጋባይቱን የ1050 ካርድ ለአዲስ ጨዋታ መግዛት የማይመከረውም ስለዚሁ ነው፤ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ሲሆን የሚያስከትለው ጭንቅ ግን ብዙ ነው።

ሌላው ብልኃት የሥዕሉን ቁጥር መገደብ ነው። አንዳንዴ 45፥ አንዳንዴ 28፥ አንዳንዴ 37 ሥዕል እያሳየ ከሚዋዥቅ ካርድ ይልቅ፥ በ30 ላይ ታስሮ ሳያወላውል የሚሄድ ካርድ ለዐይን ይመቻል። ይህ ለወጣቶች ሲነገራቸው አያምኑም፤ ቁጥር ከፍ ማለቱን ብቻ ይወዳሉና። በቤት ውስጥ የሚጫወቱባቸው ኮንሶሎች ለብዙ ዓመታት ታላላቅ ጨዋታዎችን በ30 ሥዕል ሲያቀርቡ መኖራቸውን ግን ማስታወስ ይገባል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው እርዳታ የመጣው ከተወዳዳሪ ወገን ነው። ኤንቪዲያ ከ2018 ጀምሮ ዲኤልኤስኤስ የሚባል፥ በአነስተኛ መጠን የተሣለውን ሥዕል አሳድጎ የሚያሳምር ጥበብ አቅርቧል፤ ነገር ግን ይህ ጥበብ የሚሠራው አርቲኤክስ በተባሉት አዳዲስ ካርዶቹ ላይ ብቻ ነው። የ1050 ቲአይ ባለቤት የዚያው ኩባንያ ደንበኛ ሆኖ ሳለ በር ተዘጋበት። በሰኔ 2021 ኤኤምዲ ኤፍኤስአር የተባለውን ተመሳሳይ ጥበብ አወጣ፤ የራሱም ሆነ የተወዳዳሪው አሮጌ ካርድ ሊጠቀምበት እንዲችል አድርጎ አሠራሩን ለሁሉም ክፍት አደረገው። በ2022 የተሻሻለው ሁለተኛው ዕትም ወጣ። እንግዲህ የኤንቪዲያን አሮጌ ካርድ ዕድሜ የቀጠለው ኤኤምዲ ነው፤ በንግድ ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም። በርግጥ ኤኤምዲ ይህን ያደረገው ለጽድቅ አይደለም፤ የጨዋታ ሠሪዎች የእርሱን ጥበብ እንዲመርጡ ለማድረግ ነበር። በ2025 የወጣው አራተኛው ዕትም ለአዲሶቹ የራሱ ካርዶች ተዘጋጅቶ መቅረቡ ይህን ያመለክታል።

የኤፍኤስአር አጠቃቀም ልክ አለው። በ1920 በ1080 መስኮት ላይ «ኳሊቲ» የሚባለው ምርጫ ሥዕሉን በ1280 በ720 ሠርቶ ያሳድገዋል፤ ይህ ለዐይን ደኅና ነው። «ፐርፎርማንስ» የሚባለው ግን ከ960 በ540 ስለሚነሣ ፀጉርና ሽቦ፥ የዛፍ ቅጠልም ይደበዝዛሉ፤ ለመጨረሻ ችግር ካልሆነ በቀር አይመረጥም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ካርዱ የሚችለውና የማይችለው ምን ምን ነው? በጨዋታ ቤቶች እጅግ የሚወደደው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። በመስከረም 2023 የወጣው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24 በዝቅተኛ መስፈርቱ ላይ የጻፈው ይህንኑ 1050 ቲአይን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ክርክር የለም። በታኅሣሥ 2020 የወጣው ሳይበርፐንክ 2077 መጀመሪያ ላይ የጠየቀው ጂቲኤክስ 780 ሲሆን፥ በ2023 መስፈርቱ ወደ ባለ 6 ጊጋባይቱ 1060 ከፍ ብሏል፤ ከዚህም ጋር ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ማከማቻ ግዴታ ሆነ። የእኛው ካርድ ከመስፈርቱ በታች ቢሆንም፥ ምርጫው ወደ ታች ወርዶ በኤፍኤስአር ሲታገዝ በ30 ሥዕል አካባቢ ይንቀሳቀሳል። ሕዝብ በሚበዛበት ገበያ መካከል ግን ይደክማል። በየካቲት 2022 የወጣው ኤልደን ሪንግም ባለ 3 ጊጋባይቱን 1060 ቢጠይቅም፥ ትዕግሥት ላለው ተጫዋች በዚህ ካርድ ላይ ይሄዳል። እንግዲህ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ መስፈርት ሁልጊዜ የተዘጋ በር አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ ግን በሩ በእርግጥ የተዘጋ ነው፤ ነጋዴም ሊያውቀው የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ነው። በጥቅምት 2023 የወጣው አላን ዌይክ 2 «ሜሽ ሼደር» የሚባል አዲስ የሥዕል አሠራር ስለሚጠቀም፥ ይህን የማያውቁት የ1050 ዘመን ካርዶች ጨዋታውን ቢከፍቱትም እጅግ እየተንፏቀቁ ነበር። ሠሪዎቹ በመጋቢት 2024 ባወጡት ማሻሻያ ጥቂት አቃለሉላቸው። በታኅሣሥ 2024 የወጣው ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል፥ እንዲሁም በግንቦት 2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ግን የብርሃንን ጉዞ በልዩ መሣሪያ የሚያሰላ ካርድ ይጠይቃሉ። «ሬይ ትሬሲንግ» የሚባለው ይህ መሣሪያ በ1050 ቲአይ ውስጥ የለም። እዚህ ላይ ምርጫን ዝቅ ማድረግ፥ መስኮትን ማጥበብ፥ ኤፍኤስአርን መጥራት ምንም አይረዳም። ደካማነትና አካል ማጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ደካማውን በብልኃት መደገፍ ይቻላል፥ የሌለውን ግን መፍጠር አይቻልም። ገዢው የጠቀሰው ጨዋታ ከእነዚህ ወገን ከሆነ «አይሆንም» ብሎ ማሰናበት ይገባል።

ስለ ሐሰተኛ ዕቃ ሳይነገር ይህ ጽሑፍ አይሟላም። የ1050 ቲአይ ስም በገበያ ስለ ታወቀ፥ አጭበርባሪዎች በ2010 እና በ2011 የተሠሩትን ጂቲኤስ 450 እና ጂቲኤክስ 550 ቲአይ የመሰሉ ካርዶች ውስጣዊ ጽሑፋቸውን እየለወጡ በዚህ ስም ሸጠዋቸዋል። ኮምፒዩተሩም ሲጠየቅ «1050 ቲአይ ነኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ጨዋታ ሲከፈት ግን ይወድቃል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው በነጻ የሚገኝ መመርመሪያ ፕሮግራም ከ2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ካርድ ለይቶ «ሐሰተኛ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ነጋዴ ሁሉ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ይህን ፕሮግራም ቢያስከፍት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አጭበርባሪ ሳይኖርበት፥ በራሱ በኩባንያው ሥራ ስም የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። ጂቲ 1030 የሚባለው ትንሽ ካርድ በ2017 ሲወጣ ሜሞሪው በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያሳልፍ ነበር፤ በ2018 በዚያው ስም የወጣው ሌላ ዐይነት ግን ያሳለፈው 16.8 ብቻ ነው። ስሙ አንድ፥ ዕቃው ግን ሌላ ነው። ባለ 3 ጊጋባይቱ 1060 ከባለ 6 ጊጋባይቱ የሚያንሰው በሜሞሪ ብቻ ይመስላል፤ የስሌት ክፍሎቹም 1152 ናቸው እንጂ 1280 አይደሉም። የኤኤምዲ አርኤክስ 560ም በ2017 ባለ 1024 እና ባለ 896 ክፍል ሆኖ በአንድ ስም ሲሸጥ ተገኝቶ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቋል። ነጋዴ በደረሰኝ ላይ ስሙን ብቻ ሳይሆን የሜሞሪውን መጠንና ዐይነት ጨምሮ ቢጽፍ ከብዙ ክርክር ይድናል።

«አዲስ ከሆነ ይሻላል» የሚለውም አባባል በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። በጥር 2022 በ199 ዶላር የወጣው አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚገናኘው በአራት መስመር ብቻ ነው። በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳውም፤ መስመሩ በግማሽ በሚዘገየው በቀድሞው ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ግን፥ በተለይ 4 ጊጋባይቱ ሜሞሪ ሲሞላ፥ ፍጥነቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ለአሮጌ መሣሪያ ማደሻ ተብሎ የሚገዛ ካርድ በአሮጌ መሣሪያ ላይ የሚደክም መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

በካርዱ ዙሪያ ያሉትንም በአጭሩ እንጥቀስ። ባለ 16 ጊጋባይት ዋና ሜሞሪ በአንድ ዱላ ከሚሆን በሁለት ዱላ ባለ ስምንት ስምንት ቢሆን ይመረጣል፤ መንገዱ ሁለት ይሆናልና። በበጋ ወራት የአዲስ አበባ አቧራ የካርዱን ማራገቢያ ሲደፍነው ካርዱ ይግላል፥ ሲግልም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በየሦስት ወሩ አቧራውን ማራገፍና ለዓመታት የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት መለወጥ የጠፋውን ፍጥነት ይመልሳል።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ድራይቨር የሚባለው፥ ካርዱን ከጨዋታው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፥ አዲስ ጨዋታ በወጣ ቁጥር በአምራቹ ኩባንያ ሲታደስ ኖሯል። ኤንቪዲያ በ2025 እንዳስታወቀው፥ 1050 ቲአይና 1060 ለሚገኙበት ትውልድ፥ ከእርሱ ለቀደሙት 750 ቲአይን ለመሰሉትም፥ ለጨዋታ የሚሆነው የመጨረሻ ድራይቨር የጥቅምት 2025 ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጥቅምት 2028 በየሦስት ወሩ የሚወጣው የጸጥታ ማረሚያ ብቻ ይሆናል። ይህ ማለት ካርዱ በዚያን ቀን ሞተ ማለት አይደለም፤ እስከ ዛሬ የሚያጫውተውን ሁሉ ያጫውታል። ከዚያ በኋላ ለሚወጣ ጨዋታ ግን የሚያስተካክልለት ሰው አይኖርም።

ስለዚህ ይህን ካርድ ዛሬ የሚገዛ የጨዋታ ቤት ባለቤት፥ ለእግር ኳሱና ቀድሞ ለወጡት ጨዋታዎች ከሆነ በርካሽ ዋጋ ሊገዛው ይችላል፤ ዋጋውም እንደ ቀድሞው ሳይሆን የጸጥታ ማረሚያው በጥቅምት 2028 እንደሚያበቃ ዕቃ ሊቆጠር ይገባል። ለአዲስ ጨዋታ የሚፈልግ ግን በሚያዝያ 2019 የወጣውን፥ እንደ 1050 ቲአይ በ75 ዋት የሚሠራውንና የድራይቨር እድሳቱ ያልተቋረጠበትን ጂቲኤክስ 1650 ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ የሬይ ትሬሲንግ መሣሪያ ግን በእርሱም ውስጥ የለም።